የጀልበኛው ለቅሶ

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም ነበር። ከእኔ በፊት ተቀምጦበት የነበረው ሰው በቃሬዛ መውጣቱን የነገረኝ የለም። የተነገረኝ፣ መነጽሩን እንዳደርግ፣ ጓንቱን እንዳጠብቅና ወንዙ ዳር ሰው በመጣ ቁጥር «ማዶ ትሻገራለህ?» እንድል ብቻ ነው። መቅዘፊያውን ያዝኩና የመጀመሪያዋን እንግዳ አሻገርኩ። ከጀልባው ስትወርድ ዞር ብላ አየችኝና «ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። ፈገግ አልኩላት፤ ጀልበኛውም በፂሙ ውስጥ ፈገግ አለ።

አዳራሹ ያለው ደብረ ብርሃን መውጫ ላይ ነው። ድሮ ልብስ ይሰፋበት ነበር ይባላል። የስፌት መኪኖቹ የታሰሩባቸው ቀዳዳዎች አሁንም ወለሉ ላይ አሉ፤ የእኛም ወንበሮች የታሰሩት በእነሱው ነው። አዲስ ቀዳዳ መብሳት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ልብስ ሰፊዎቹ በዚያን ዘመን ምን ያህል ይቆዩ እንደነበር አላውቅም። እኛ ጋ ግን ሰው ስምንት ወር ከቆየ እንደ ሽማግሌ ይታያል።

ጨዋታው «ወንዝ ማዶ» ይባላል። አንድ ወንዝ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ መጠጥ ቤት አለው፤ ዳር ዳሩ ጫካ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሞልቷል፤ በማሽን የሚንቀሳቀስ ሰውም በነጻ ይገኛል። የእኛን ልዩ የሚያደርገው ውስጡ ሰው መኖሩ ነው። በእያንዳንዳችን አንገትጌ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አለች። እዚህ ውስጥ ሰው ተቀምጧል ማለት ናት፤ እንግዶቹም ከሩቅ አገር የሚመጡት ለእሷ ነው። በአገራቸው ሻጩም፣ ሐኪሙም፣ አስተማሪውም ማሽን ከሆነ ቆይቷል አሉ። ስለዚህ ከፍለው ወደ እኛ ገበያ ይገቡና ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ከዓይኔ በስተቀኝ፣ ከላይ ጥጉ ላይ፣ ቁጥር አለ። በዚያች ቅጽበት እኔን እያዩ ያሉ እንግዶች ቁጥር ነው። ሁላችንም አለን። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ ማንኛውንም ነገር ከማድረጌ በፊት እሱን አየት ማድረግ ለመድኩ። መኝታ ቤት ውስጥ መነጽሩን አውልቄ ተጋድሜ እንኳ ላስነጥስ ስል ወደ ጥጉ አያለሁ።

ሰው አይቆይም። የአንዱ አንገት ይቆለፋል፣ የአንዷ ዓይን ያለማቋረጥ ያነባል፣ ሌላው አጥሩን ዞሮ ወደ ጎረቤት አዳራሽ ይሄዳል፤ እዚያም ያው ነው። ሰኞ ሰኞ አውቶቡስ አዲስ ሰው ያራግፋል። እንግዳው ግን ሰው መቀየሩን ማወቅ የለበትም። ድምፃችንን መሣሪያው ያስተካክለዋል፤ የቀረውን የሚሠራው ርክክብ ነው። የሚለቀው ሰው ከወንበሩ ጀርባ ይቆምና ለሚተካው በጆሮው ይነግረዋል፤ ይቺ ውሻ ሞቶባታል ጠይቃት፣ ያኛው የሚስቱ ነገር ሲነሳበት አይወድም፣ ያቺኛዋ የምትመጣው ልትሰደብ ነው፣ ስደባት። ስም አንጠያየቅም። «መበለቷ ዛሬ አሞታል»፣ «ቀጥቃጩ ወለደች» እንባባላለን። ለሚሰማን ሰው እብደት ይመስላል፤ እኛ ግን የሚቆየውን ነው የምንጠራው።

ለእኔ ወንበር ርክክብ አልነበረውም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ቀን፣ እንግዶቼን አሻግሬ ስመለስ ገበያው መሐል ድንኳን ቆሞ ሳይ ነው። ድንኳኑን የሠሩት ከጀልባ ሸራ ነው። ከመጠጥ ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ወጥተዋል። ቢጫ ነጥብ ያለው ሁሉ ሥራውን ትቶ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ እንግዶቹም ነገሩ ግራ ገብቷቸው ዙሪያውን ቆመዋል።

መበለቷ ወደ ወንዙ ወርዳ መጣች። የምትጫወታት ከድር የሚባል የባቲ ሰው ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ፣ ትከሻው በር የሚሞላ። በአሮጊቷ ድምፅ «ና ወዲህ» አለኝ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ጀልበኛው ሞቷል።»

«ጀልበኛው እኮ እኔ ነኝ።»

«ከአንተ በፊት የነበረውን ነው የምልህ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው የሄደው። ልብ ነው አሉ።»

ወንበሩ የሞቀው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያው ቅጽበት ብነሳ ደስ ባለኝ።

ወቅት ነበር፤ እንግዳ የሚበዛበት ጊዜ። ወቅት ሲሆን ማንም ከአዳራሹ አይወጣም፤ እላይ ፎቅ ላይ እንተኛለን፣ ታች ወርደን እንሠራለን። ቀብሩ ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን ለምነው ነበር። አስተባባሪያችን ፌቨን ወደ ላይ ጠይቃ ይዛው የመጣችው መልስ አጭር ነው፤ ወቅቱ ይለቅ። ፌቨን ክፉ ሴት አይደለችም፤ የእሷም ኮንትራት በየወቅቱ ነው የሚታደሰው። ከድር መልሱን ሲሰማ «እንግዲያው ለቅሶውን እዚሁ እንደርሳለን» አለ፤ እዚሁ ያለው ጨዋታው ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ቸገራቸው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል። የሟቹን ዘመድ የሚያውቅ የለም፤ ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። ከድር ትንሽ አሰበና እጄን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት አስቀመጠኝ።

«ፊቱ የሱ ነው፤ ባለለቅሶው አንተ ነህ» አለኝ።

ተራ በተራ መጡ። ቀጥቃጩ፣ ቄሱ፣ ላም ሌባው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ። ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ፤ እኔም «አሜን» አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ንፍሮ ልትቀቅል ሞክራ ነበር፤ ጨዋታው ንፍሮ የሚባል ነገር ስለማያውቅ የተበላሸ ዳቦ ብሎ መዘገበው። የተበላሸውን ዳቦ ዘገን ዘገን አድርገን ተቀመጥን። ያን ሰውዬ አይቼው አላውቅም። ግን አለቀስኩ፤ ከልቤ አለቀስኩ። የተቀመጥኩት በሞቀ ወንበሩ ላይ ስለሆነ ይሆናል።

ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር እንደዚያ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዷ ቀስ ብላ ገብታ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፌቨን ልትበትነን እየሮጠች ወርዳ ነበር፤ ከወንበሮቻችን ጀርባ ቆማ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩን አየችና ተመለሰች።

በሚቀጥለው ወቅት ድንኳኑ ከላይ ተልኮ መጣ። ሸራው አዲስ ነው፤ ጥቁር ጥለት አለው። ንፍሮው በምግቦቹ ውስጥ ገብቶ «የሐዘን ስንዴ» ተብሏል። በየወቅቱ አንድ ሳምንት «የጀልበኛው ሐዘን» እንደሚደረግ ማስታወቂያ ወጣ፤ እንግዶች አስቀድመው ቦታ ይይዙ ጀመር። ለምን እንደምናዝን የጠየቀ እንግዳ የለም። ቀጥቃጩ ተቀየረች፣ ቄሱ ሁለቴ ተቀየረ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ አንድ ቀን ዓይኗን ሸፍና ወጥታ በዚያው ቀረች። እኔ ቀረሁ። እንግዶቹ የሚመጡት ለእኔ ስለሆነ በየወቅቱ መጨረሻ ኮንትራቴ ይታደሳል።

ሥራውንም ተማርኩት። ሁለት እጅን ወደ ላይ አንስቶ ማናወጥ ቁጥሩን ያስወጣዋል። ከዚያ ጭንቅላት ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ «ወንድሜን» ብሎ ጮኾ ድንገት ድምፅን መቁረጥ። ቁርጡ ላይ ነው እንግዶቹ የሚያለቅሱት። እንባ ራሱ ይመጣል፤ ዓይናችን ሁልጊዜም ያነባል።

ከድር ከሦስተኛው ድንኳን በኋላ ለቀቀ። ለተተኪው ርክክብ አድርጎ ሲያበቃ ከእኔ ወንበር ጀርባ መጥቶ ቆመ።

«ለማን እንደማለቅስ ሳላውቅ ሰለቸኝ» አለኝ። «በር ላይ ያለውን ዘበኛ ለምኜ ስሙን አገኘሁት። ይኩኖ ነው የሚባለው። አንቺ ያዢው።»

«እሺ፤ ይዤዋለሁ» አልኩት።

ያኔ ነው በራሱ ድምፅ ሲያናግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት። ቀጭን ድምፅ ነበረው።

እኔ የማልለቅበት ምክንያት አባቴ ነው። ሸዋ ሮቢት ይኖራል፤ ከአዳራሹ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ኩላሊቱ ከደከመ ቆይቷል፤ የእጥበቱን ወጪ የሚሸፍነው የእኔ ወንበር ነው። ወንበሩ ላይ እስካለሁ ድረስ አልጋው አጠገብ ያለው መሣሪያ ይሠራል፤ ከተነሳሁ በዚያው ሰዓት ይዘጋል። ይህን እሱም ያውቃል። በዕረፍቴ ሰዓት ስደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጀልባዬ ነው።

«ጀልባሽ ደህና ናት?» ይለኛል።

«ደህና ናት አባዬ። አንተስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ? እዚህ ለሰው ሁሉ ልጄ ጀልባ ነጂ ናት እላለሁ። ሐጂ ይመር የት ባሕር ላይ ብለው ያሾፉብኛል።» ሐጂ ይመር ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱ ናቸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «መቼ ትመጪያለሽ ማኅደሬ?» ይላል።

«ወቅቱ ይለቅና» እለዋለሁ። የፌቨንን ቃል ነው የምነግረው። ወቅት ሲለቅ ደግሞ የሚቀጥለው ወቅት ዝግጅት ይጀምራል።

ያለፈው ክረምት ድምፁ እየቀጠነ መጣ። ፌቨን ጋ ሄጄ ሦስት ቀን ብቻ እንድትሰጠኝ ለመንኳት። ቁጣ የለባትም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

«ማኅደር፣ በሩ አልተቆለፈም እኮ» አለችኝ። «መሄድ ትችያለሽ። ግን ወንበሩ አንድ ቀን ባዶ ማደር አይችልም፤ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ። ሽፋኑ ደግሞ ከወንበሩ ጋር ነው። ልለውጠው ብችል እለውጠው ነበር።»

አምናታለሁ። እንግዲህ ልየው ብዬ ብሄድ መሣሪያው ይዘጋል፤ አባቴ እንዲቆይ አባቴን ሳላይ መቆየት አለብኝ። ሌላ መንገድ አልታየኝም። ወደ ወንበሬ ተመለስኩ፤ የሐዘኑ ሳምንትም ገባ።

ማክሰኞ ማታ ስደውል ስልኩን ያነሳው አጎቴ ጋሽ አሰግድ ነበር። አባቴ ተኝቷል አለኝ። በማግስቱም ስደውል ተኝቷል አለኝ።

«ደክሞት ነው። አንቺ አይዞሽ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

እንቅልፍ አጥቶ የከረመ ሰው ተኛ ሲባል ደስ ነው ያለኝ። ጋሽ አሰግድ በሕይወቱ ሥራሽን ሥሪ ብሎኝ አያውቅም፤ ባየኝ ቁጥር ተይውና ነይ ነው የሚለኝ። እሱን እንኳ ልብ አላልኩም።

የሳምንቱ የመጨረሻ ቀን ጎሕ ሲቀድ ጀልባዬ ላይ ነበርኩ። የምነግራችሁ የጨዋታውን ጎሕ ነው፤ ውጭ ቀትር ይሁን አላውቅም። በጭጋጉ ውስጥ ሦስት ሰዎች በመንገዱ መጡ። ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው፤ የቀበሮ ቆዳ ባርኔጣ ያደረጉ ወርቃማ ጸጉር ያላቸው ወጣት አዳኞች። በርካሽ መግቢያ ለሚገባ ሰው የሚሰጠው ገላ ያ ነው፤ በቀን ብዙ አይቼ አሻግራለሁ። እነዚህ ግን አዲስ ገቢ እንደሚያደርገው አልዘለሉም፣ ቀስታቸውን አልመዘዙም። በዕድሜ ቅደም ተከተል ይመስል ተሰልፈው፣ ቀስ እያሉ ወረዱ። ፊተኛው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሯል። ሁለተኛው በባዶ ትከሻው ላይ የሌለ ነጠላ ያስተካክላል። የመጨረሻው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያን ጉሮሮ አውቀዋለሁ። የእንግዶች ቃል ሁልጊዜ በመሣሪያው ተተርጉሞና ታጥቦ፣ በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነው የሚደርሰኝ። ይሄኛው ሳይታጠብ መጣ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረውም።

የጀልበኛውን ቃል መናገር ነበረብኝ። «ማዶ ትሻገራላችሁ?» አልኩ።

ነጠላ አስተካካዩ አዳኝ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። «እሷ ናት እንዴ? የወንድ ድምፅ እኮ ነው» አለ። እትዬ ዘርፌ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጸጉሬን የሠሩኝ።

«እሷ ናት። ጀልባ ነጂ ናት ብሎ የለም?» አሉ ፊተኛው። ሐጂ ይመር ነበሩ። «እንሻገራለን ልጄ። ቅዘፊ።»

ጀልባው ላይ ወጡ፤ ቀዘፍኩ። በዚያን ጊዜ አውቄው ነበር፤ ሰው በጎሕ፣ በሽማግሌ፣ ከሦስት ሆኖ የሚመጣው ለአንድ ነገር ነው። እጄ ግን ቀዘፋውን አላቆመም። ወንዙ መሐል ስንደርስ ሐጂ ይመር «አሁን ጀልባሽን ያዢ» አሉኝና መቅዘፊያውን አነሳሁ።

«አዳራሹ በር ላይ ሁለቴ መጥተን ነበር» አሉ። «ወቅት ነው ብለው መለሱን። በስልክ እንዳንነግርሽ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የአሰግድ ልጅ ከተማ ወስዶ መነጽሩ የሚከራይበት ቤት አስገባን። ስንገባ እዚህ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጎሕ እስኪቀድ ጠበቅን።»

«አባዬ ነው?» አልኩ በወፍራሙ የጀልበኛ ድምፅ።

«አባትሽ አርፏል» አሉ። «ማክሰኞ ነው። አልተሠቃየም። ሮብ አፈሩን አልብሰነዋል።»

ጉሮሮውን የጠረገው ጋሽ አሰግድና እትዬ ዘርፌ ራሴን እንዳልጥል ከግራና ከቀኝ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ። የርካሽ መግቢያ እጅ አይነካም። እጆቻቸው በጀልበኛው ክንድ ውስጥ አልፈው ወጡ፤ ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው አለፉ። እትዬ ዘርፌ «ኧረ ልጄን አስይዙኝ» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ አልወደቅሁም። ዝም ብዬ ውኃውን አየሁ። ውስጤ እንደዚያ ሲጎድል ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ከጉድለቱ ግን ድምፅ የሚሆን ነገር አልወጣም።

ማዶ አደረስኳቸው። ከዚያ ሐዘኑ የሚጀምርበት ሰዓት ስለሆነ ተነስቼ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። የት ልሂድ? ለአባቴ የተተከለ ድንኳን ሌላ አልነበረኝም። ከፊት ተቀመጥኩ። እነሱም ተከትለውኝ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሦስት ወርቃማ ጸጉር ያላቸው አዳኞች፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ድንኳኑ ዙሪያ እንግዳ ጢም ብሎ ነበር። እጄን እስካነሳ ይጠብቃሉ። እጄ አልነሳ አለኝ። ተራ በተራ መጥተው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ፤ አዲሱ ቀጥቃጭ፣ አዲሱ ቄስ፣ ስሙን የማላውቀው አዲሱ መበለት። «አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አባቴን አሰብኩት፤ ለሰው ሁሉ ስለ ጀልባዬ ሲያወራ። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ።

ፌቨን ከጀርባዬ መጥታ በጆሮዬ «ማኅደር፣ እጅሽን አንሺ» አለች። ትንሽ ቆይታ «እባክሽ» አለች።

«አባቴ ሞቷል» አልኳት።

ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ታማሚው ሞቶ ሽፋን ሲዘጋ ይነግሩናል» አለች። «ማክሰኞ ነገሩኝ። መርዶ ኮሪደር ላይ አይነገርም ብዬ ነው። ወቅቱ ሲለቅ ሰው ይዤ ልነግርሽ ነበር።»

ቤተሰቤም እንደዚያው ነበር ያደረገው። ፌቨን ታለቅስ ነበር መሰለኝ። ግን ቁጥሩንም እያየች ነበር።

ማምሻውን የእንግዶቹ አስተያየት በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ጀልበኛው ዛሬ ስሜት አልነበረውም ይላል አንዱ። ያለፈው ወቅት ይሻላል ይላል ሌላው። ብዙ ሰው የደገፈው ግን ሌላ ነበር፦ ይሄ ማሽን ነው፤ ቢጫዋ ነጥብ ውሸት ናት፤ አባቱ የሞተበት ሰው እንዲህ አይቀመጥም። ለምን አባቱ እንዳለ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሰምቶ ይሆናል። ወንበሬ ለሌላ ሰው መሰጠቱን የነገሩኝ ከሰሌዳው ሥር እንደቆምኩ ነው።

የተካችኝ ልጅ ብሩክታዊት ትባላለች፤ ስሟን ጠይቄያት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ መነጽሩን አደረገች፤ እኔ ከጀርባዋ ቆምኩ። ስለ እንግዶቼ ነገርኳት። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ነገር መጣን።

«ሁለት እጅሽን ታነሻለሽ። ጭንቅላትሽ ላይ ታሳርፊያለሽ። ትጮኺና ድንገት ትቆርጪዋለሽ» አልኳት። «ምንም ቢሆን ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ።»

«ማን ሞቶበት ነው ግን የሚያለቅሰው?» አለች።

«መጀመሪያ ይኩኖ የሚባል ሰው ነበር። አሁን ደግሞ አባቴ ነው።»

መቅዘፊያውን አስተካክላ ያዘች። ክፋት የለባትም፤ ሥራዋን ልታውቅ ነው የፈለገችው። «የትኛውን ነው እንግዶቹ የሚወዱት?» አለችኝ።

«ይኩኖን» አልኳት።

በማግስቱ ጧት አውቶቡስ ያዝኩ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ብርዱ በመስኮቱ ወጣ፣ ሙቀቱ ገባ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልመጣሁበት መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስተኛኝ አለቀ። ሰፈር ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ግን መምጣቴን ሰምተው አግዳሚዎቹን መልሰው አውጥተው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘርፌ አጥሩ ጋ ቆመው ነበር፤ በራሳቸው ገላ፣ በእውነተኛ ነጠላቸው።

አጥሩን እንዳለፍኩ ሁለት እጄ ተነሳ። እኔ አላነሳሁትም። ተናወጠ፣ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ። «አባቴን» ብዬ ጮኽኩና ድንገት ቆረጥኩት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ግቢው በአንድ ጊዜ አነባ። ከኋላ አንዲት ሴት «አንጀቴን በላችው» ስትል ሰማሁ። ደግሜ አነሳሁ፣ ደግሜ ቆረጥኩ። ሁሉም ልክ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ቀና ብዬ በቀኝ በኩል ወደ ጥጉ አየሁ፤ የበረንዳው ቆርቆሮ ጫፍና ሰማይ ብቻ ነው ያለው። በአባቴ ደጅ ላይ ቆሜ ቁጥር እየፈለግሁ መሆኔን ሳውቅ ራሴን ፈራሁ።

ሐጂ ይመር እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ተነስተው መጡ። በዓይናቸው ብዙ ቆዩብኝ። ከዚያ እጃቸውን ፈተው በአየር ላይ ያለውን እጄን ያዙት። እጃቸው ነካኝ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «አንቺ ወንዙ ላይ አልቅሰሽለታል፤ አይቻለሁ። ነይ ተቀመጪ።»

እጄን ሳይለቁ በረንዳው ላይ ወስደው የአባቴ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቀዝቅዞ ነበር።